ደብረ ብርሃን ላይ ከቤት ፊት ለፊት የሚበላ ነገር ተክሎ ግቢ ማሳመር ይቻላል? ወይስ የጎመን ቦታው ጓሮ ብቻ ነው?

የደብሬዋ · ደብረ ብርሃን · ነሐሴ 18

ሰላም ናችሁ? ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አንባቢ ነኝ፣ ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ መጣሁ። ወደ ራሳችን ቤት የገባነው አምና ነው። ከበሩ እስከ አጥሩ ወርዱ 6፣ ርዝመቱ 9 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ አለን። አሁን ክረምት ስለሆነ ጭቃ ነው፤ መረሬ ነው አፈሩ፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ባለቤቴ ሳርና አበባ እናድርግበት ይላል። እኔ ግን ለሳር ውሃ መሸከሙ አልዋጥልኝ አለ። ውሃውን ካጠጣሁ አይቀር የሚበላ ነገር ባጠጣ ይሻለኛል።

ችግሩ አማቴ ናቸው። ሐሳቤን ስነግራቸው ሳቁብኝ። "ጎመን በደጅ? ሰው ምን ይላል?" አሉ። ለሳቸው ጎመን የጓሮ ነው፣ ደጅ ላይ ጽጌረዳ ነው የሚተከለው። እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የሰፈራችንን ጎመን ሳየው ግማሹን ዶሮ ጭሮታል፣ ግማሹ ተመልጦ ግንዱ ቀርቷል፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ ቁራጭ ታጥሯል። እኔ የምፈልገው እንግዳ ሲገባ ቆም ብሎ የሚያየው፣ ማታ ደግሞ ቢላ ይዤ ወጥቼ ለእራት የምቆርጥበት ግቢ ነው። ይሆናል? ብርዱን ታውቁታላችሁ።

ብርዱ_ለመደኝ · መሐል ሜዳ · ነሐሴ 18

እህቴ ይሆናል፣ ግን መጀመሪያ አጥር። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አምና ስንት ለፍቼ ያሳደግኩትን ሰላጣ የጎረቤት ሙክት በ10 ደቂቃ ጨርሶት ወጣ። ባለቤቱ ይቅርታ ሊለኝ መጥቶ "አይዞህ፣ ሰላጣ የበላ በግ ለፋሲካ ይጣፍጣል" አለኝ። ለፋሲካ ግን አልጠራኝም።

ፎቶ ላኪ ደግሞ። ሳናይ ምን እንምከር?

ጋሼ_መደብ · ደብረ ብርሃን · ነሐሴ 19

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አፈር ስጭር ነው የምውለው፤ ሥራዬም ከገበሬ ጋር ነበር። ስለ ማማሩ ሌሎቹ ይንገሩሽ። እኔ ስለ ሁለቱ ጠላቶችሽ ልንገርሽ።

አንዱ ውሃ ነው። መረሬ ክረምት ላይ ውሃ ቋጥሮ ይይዛል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ሰው ማዳበሪያ አንሶት ነው ይላል፤ ያነሰው አየር ነው። በበጋ ያው አፈር ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ስለዚህ መሬቱ ላይ እንዳለ አትትከይ፣ መደብ ሥሪ። ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ይሁን፣ አይብለጥ፣ ከሁለቱም ወገን ሆነሽ እጅሽ መሐሉ እንዲደርስ። ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር። ዙሪያውን በድንጋይ ክበቢው፤ ደብረ ብርሃን ተቀምጠሽ ድንጋይ አጣሁ አትዪም መቼም። ውስጡን ያንኑ አፈርሽን ከኮምፖስትና ከበሰለ የበግ በጠጥ ጋር ቀላቅለሽ ሙይው። የበሰለ ነው ያልኩት። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፣ 3 ወር ያህል ተከምሮ ይቆይ። እኛ አገር እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ስለሚገባ አፈሩ ባዶውን ነው የቀረው፣ ስለዚህ በዚህ ላይ አትሰስቺ።

ሁለተኛው ውርጭ ነው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ይለበልብሻል። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ከሌለ ምድር ሙቀቷን ትለቅና ጠዋት አመዳዩ ነጭ ሆኖ ይጠብቅሻል። ደመና ባለበት ሌሊት ግን ተኝተሽ እደሪ። ብርድ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ይፈስሳል። ግቢሽ ውስጥ ዝቅ ያለ ጥግ ካለ ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ እዚያ አይግቡ። በነዚያ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል አዘንብላ ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ የድንጋይ ግድግዳ ካለሽ እሱ ትልቅ ሀብት ነው። ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። ስስ ስሱን ነገር እሱ ሥር አስጠጊው።

ሮቢት_ፀሐይ · ሸዋ ሮቢት · ነሐሴ 19

ኧረ ምን አስጨነቃችሁ፣ ጣርማ በርን ወርዳችሁ ወደኛ ኑ 😄 እኛ ግቢ ያለው ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሎሚ ነው፣ ውርጭ የሚባል ቃል አናውቅም።

የደብሬዋ · ነሐሴ 19

@ሮቢት_ፀሐይ ፓፓያ እዚህ አይሞከርም አይደል? ልጆቼ ፍሬውን በልተው ዘሩን ጣሳ ላይ ዘርተዋል፣ በየቀኑ እያዩት ነው።

ሮቢት_ፀሐይ · ነሐሴ 20

ጣሳው ላይ ይበቅላል፣ አንድ ውርጭ ያደረ ቀን ግን አለቀ። ልጆቹን ከአሁኑ አዘጋጂያቸው። ቆላ ላላችሁ አንባቢዎች ግን ልናገር። ፓፓያ ወንድና ሴት አለው። አንድ ብቻ ተክላችሁ ወንድ ከሆነ አበባ ስትቆጥሩ ትኖራላችሁ። አንድ ጉድጓድ ላይ ሦስት አራት ችግኝ አድርጉና አበባ ሲያወጡ ለዩአቸው። ወንዱ ረጅም ቀጭን ዘንግ ላይ ዘለላ አበባ ያንጠለጥላል፣ የሴቷ አበባ ግንዱ ላይ ተጣብቆ ነው የሚወጣው። ለብዙ ሴት አንድ ወንድ ይበቃል። (ይህን ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ባነበው ችግር ነው።)

ጥለት · አዲስ አበባ (ያደግኩት ጫጫ) · ነሐሴ 20

ስለ ማማሩ እኔ ልግባ። ሰው የሚያምረው አበባ ብቻ ይመስለዋል። አበባ እኮ እንግዳ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ ግቢሽ ውስጥ የሚኖረው ቅጠል ነው። አንቺ ደግሞ ቅጠል ሞልቶልሻል። የጥቅል ጎመን ቅጠል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፣ ጠዋት ጤዛው ላዩ ላይ እንደ ብርጭቆ ፍርፋሪ ይንከባለላል። ቆስጣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነው፣ ሰፊ። የቀይ ሥር ቅጠል ደም ሥሩ ቀይ ነው፣ ማታ ፀሐይ ከኋላው ስትመጣ ይበራል፣ እመኚኝ ቆመሽ ነው የምታይው። ካሮት እንደ ጥልፍ ነው። ጤና አዳም ግራጫ። የጥብስ ቅጠል ጠቆር ያለ፣ ከተቆራረጠ ደግሞ እንደ አጥር ቀጥ ብሎ የሚታዘዝ።

የጓሮ ጎመን የሚያስጠላው ጎመን ስለሆነ አይደለም፣ ዝም ብሎ ስለተበተነ ነው። የሐበሻ ቀሚስ አስቢ። መሐሉ ነጭ ነው፣ ጥለቱ ነው ልብስ የሚያደርገው። መደብሽም እንደዚያ ይሁን። መሐሉን አንድ ዓይነት ነገር ሙይው፣ ጎመን ከሆነ ጎመን ብቻ። ዳር ዳሩን ደግሞ በቀይ ሥር ጥለት አውጪለት። ሁለተኛው መደብ ላይ መሐሉን ሰላጣ፣ ጥለቱን ነጭ ሽንኩርት። የነጭ ሽንኩርት ቅጠል ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ዳር ላይ ሲሰለፍ ያምራል፣ ከሥሩ ደግሞ ራሱ ይወጣል። አራት ዓይነት ነገር ደጋግመሽ ብትተክዪ ሃያ ዓይነት አንዳንድ ፍሬ ከምትተክዪ ይበልጣል። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ያገኘሁትን ዘር ሁሉ ገዝቼ ግቢዬ ቅዳሜ ገበያ መስሎ ነበር።

አጥሩ ጋ ረጅሙ ይሁን። የፈረንጅ ሱፍ፣ ከሱ ፊት ባቄላ። የባቄላ አበባ ነጭና ጥቁር ነው፣ ሽታውን የማያውቅ የሸዋ ሰው ያለ አይመስለኝም። በር ላይ፣ ቀሚስሽ የሚነካው ቦታ፣ የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ አድርጊ። የገባ ሰው ሁሉ ሽታውን ይዞ ይገባል። አማትሽ በዚህ ነው የሚሸነፉት።

አንድ ነገር አደራ። ተልባ ዝሪ። ተልባ ለወጥና ለመጠጥ ብቻ አድርገን ስለምናየው አበባውን ረስተነዋል። እንዲህ ያለ ሰማያዊ ከየትም ገዝተሽ አታገኚም።

ቁም_ነገር · ደብረ ብርሃን · ነሐሴ 21

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድነው? ጎመን ገበያ ሞልቷል። ውሃ ደግሞ እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ለመጠጥም በጄሪካን ነው። ለተክል ከየት ይመጣል?

የደብሬዋ · ነሐሴ 21

የውሃው ነገር እኔንም ነው ያስፈራኝ። መልስ ያለው ሰው?

ጋሼ_መደብ · ነሐሴ 21

የቁም_ነገር ጥያቄ ልክ ነው። አሁን ግን ከቤትሽ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ውሃ የት እየሄደ ነው? 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያሽ 50 ካሬ ቢሆንና አንድ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር ነው፣ አምስት በርሜል። አሸንዳ አስገጥመሽ በርሜል አስቀምጪ። ክዳን ይኑረው፣ ልጆች አሉሽ፣ ትንኝም ይራባበታል። ለበጋው ሁሉ አይበቃም፣ ዝናብ በጠፋባቸው ሳምንታት ግን ያተርፍሻል።

ሌላው አትክልት ያጠብሽበት ውሃ ነው። ሳሙናና ቅባት ያለበትን፣ የጨው ውሃን ተይ፤ ምስርና ሽንኩርት ያለቀለቅሽበት ግን ቀጥታ መደቡ ላይ። አፈሩንም ገለባ አልብሺው፣ አራት ጣት ያህል። ገለባ ያልለበሰ አፈር የጠጣውን ለፀሐይ ነው የሚሰጠው። የላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስተሽ ገልብጠሽ ተክሉ ሥር ብትተክዪው ቀስ እያለ ያጠጣልሻል። እሱ ግን አያምርም፣ ቅጠል ጀርባ ደብቂው።

ቁም_ነገር · ነሐሴ 21

የጣሪያው ሒሳብ አልመጣልኝም ነበር። እሺ፣ ጋሼ።

ፖም_ናፋቂ · አንኮበር · ነሐሴ 23

ፖም ለምን አይነሳም? ለብርድ አገር የተፈጠረ ዛፍ ነው፣ ሲያብብ ደግሞ ነጭና ሮዝ ነው። እኛ ጋ ብዙ ሰው ጀምሮታል። እኔ ከፍሬው ዘር አውጥቼ ተክዬ 5 ዓመት ሆነኝ፣ ዛፉ ትልቅ ሆኗል፣ ፍሬ ግን የለም። ምን ላድርግ?

ጋሼ_መደብ · ነሐሴ 23

ፖም ከዘር ከተተከለ እናቱን አይመስልም፣ ፍሬም ለመስጠት ብዙ ዓመት ያቆያል። የተዳቀለ ችግኝ ነው የሚገዛው፣ እሱ በሁለት በሦስት ዓመት ይጀምራል። ደግሞ አንድ ዛፍ ለብቻው ብዙም አያፈራም። የተለያየ ዝርያ ሁለት ያስፈልጋል፣ ንብ ከአንዱ ወደ አንዱ ታመላልሳለች። አገራችን ውስጥ አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት አብረው ይተከላሉ፣ አበባቸው አንድ ሰሞን ስለሚወጣ። ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ናቸው። ያንተን ዛፍ አትቁረጠው፤ ጎበዝ አዳቃይ ካገኘህ እዚያው ላይ ቅርንጫፍ ይቀጥልልሃል።

ለደብሬዋ ግን 6 በ9 ላይ ሁለት ፖም ከተተከለ ጥላው መደቡን ይበላዋል። አንድ ኮክ ብትተክል ይሻላታል። ኮክ ለብቻውም ያፈራል፣ ሲያብብ ቅጠል ሳያወጣ ነው፣ ሙሉ ሮዝ። ባሕር ዛፍ አጥሩ ሥር ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ሁሉ ከመታሰቡ በፊት እሱ ይውጣ። ውሃውን ሁሉ እሱ ነው የሚጠጣው።

እናት_ነኝ · ደብረ ሲና · ነሐሴ 24

ልጆች ስላሉሽ አንድ ነገር ልጨምር። "እዚህ ግቢ ያለው ሁሉ ይበላል" ብለሽ ካስተማርሻቸው የማይበላውን ከግቢው አውጪ። ጉሎ ቅጠሉ ስለሚያምር ሰው በር ላይ ይተክለዋል፣ ፍሬው ግን መርዝ ነው። አስተናግርም ፍግ በተደፋበት ቦታ ሳትዘሪው ራሱ ይበቅላል፣ ነጭ አበባው ያታልላል። ገና ሳያብብ ንቀዪው። ድንች ሲያብብና ትንንሽ ፍሬ ሲያንጠለጥል ልጆች ቲማቲም ይመስላቸዋል፣ እሱም አይበላም። ጤና አዳምን ስትቆርጪ ጭማቂው ቆዳሽን ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ውሃ ይቋጥራል፣ ማታ ማታ ቁረጪው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ አትብዪው።

ብርዱ_ለመደኝ · ነሐሴ 24

ጦስኝ የምትፈልጉ ሰዎች፣ ወደ ጓሳ ስትመጡ ከነሥሩ አትንቀሉት እባካችሁ። ጫፉን ቆርጣችሁ እርጥብ አፈር ላይ ብትሰኩት ሥር ያወጣል። የተነቀለው ቦታ ላይ ተመልሶ ሲበቅል አላየሁም።

ፎቶውስ?

የደብሬዋ · መስከረም 28

እንኳን አደረሳችሁ፣ ትንሽ ዘገየሁ። አራት መደብ ሠራን። ባለቤቴ መጀመሪያ ሲያጉረመርም ነበር፣ ድንጋይ መደርደር ከጀመረ በኋላ ግን የሱ ሥራ ሆነ። አንዱን መደብ ሁለቴ አፍርሶ ሠራው፣ "ውሃ ልኩ ተዛብቷል" ብሎ። ለጎመን ነው ውሃ ልክ!

@ጥለት እንዳልሽው አደረግኩ። የመጀመሪያው ጎመንና ቀይ ሥር፣ ሁለተኛው ሰላጣና ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስተኛው ካሮትና ቆስጣ፣ አራተኛው ግድግዳው ሥር ያለው ድንችና እንጆሪ። ድንች መትከል እንዳልነበረብኝ አውቃለሁ፣ ልጆቹ ናቸው። በር ላይ የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም። የጤና አዳሙን ችግኝ ያመጡት አማቴ ናቸው። "ለቡና እንኳን ይሁን" ብለው።

አንድ ጥያቄ፦ ሰላጣውን ስቆርጥ መደቡ እንደ ወለቀ ጥርስ ሆነብኝ።

ጥለት · መስከረም 28

አማትሽ ችግኝ ይዘው ከመጡ ነገሩ አልቋል።

ሰላጣውን ከነራሱ አትቁረጪው፣ የውጭውን ቅጠል ብቻ ልቀሚ፣ መሐሉ ያድጋል። ጎመኑንም እንደዚያው ከታች ወደ ላይ። ከታች የተለቀመ ጎመን ከፍ ሲል እንደ ትንሽ ዘንባባ ይሆናል፣ እሱም መልክ አለው። ከነራሱ የሚወጣ ነገር ካለ ደግሞ ሁልጊዜ በጣሳ ላይ ተተኪ ችግኝ ይኑርሽ። ጠዋት ስትነቅዪ ከሰዓት ትተክያለሽ። እኔ ደረጃው ሥር ሁልጊዜ አሥር ጣሳ አለኝ።

የደብሬዋ · ኅዳር 12

ትናንት ሌሊት መጣ። ጠዋት ስወጣ ግቢው ነጭ ነው። ድንቹ እንደተቀቀለ ቅጠል ጠቁሮ ተኝቷል። የልጆቹ ፓፓያ መስኮት ሥር ነበር፣ እሱም ሄዷል፣ ትንሿ ልጄ አለቀሰች። እንጆሪው ቅጠሉ ደህና ነው፣ አበባዎቹ ግን መሐላቸው ጥቁር ነጥብ ሆኗል። ጎመኑ ፍንክች አላለም። ቀይ ሥሩም፣ ቆስጣውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም። ድንቹን ነቅዬ ልጣለው?

ጋሼ_መደብ · ኅዳር 12

አትንኪው! የሞተው ቅጠል ከሥሩ ላለው ልብስ ነው። ድንች ከአፈር ሥር ዓይን አለው፣ ብርዱ ሲያልፍ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ባይሆንም ያለውን ታወጪዋለሽ። መሐሉ የጠቆረ የእንጆሪ አበባ ፍሬ አይሆንም፣ ቀጣዩ አበባ ይሆናል።

ከአሁን በኋላ ማታ ሰማዩን እዪ። ኮከቡ ፍጥጥ ብሎ ነፋስ ከሌለ አልብሺ። ጆንያ፣ አሮጌ ነጠላ፣ ያገኘሽውን። አራት እንጨት ተክለሽ ከላይ ጣል አድርጊው፤ በተለይ ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን አይንካ፣ የነካበት ቦታ ይቃጠላል። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ግለጪው። ቀን ላይ ደግሞ አፈሩን አጠጪ፣ እርጥብ አፈር ከደረቁ ይልቅ ሙቀት ይይዛል።

ሮቢት_ፀሐይ · ኅዳር 12

የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ተቀምጠሽ ድንችሽ በብርድ ሞተ? 😂 ለልጅሽ ግን አዝኛለሁ። ወደ አዲስ አበባ ስወጣ አንድ ፓፓያ ይዤላት በደብሬ አልፋለሁ፣ ፍሬውን።

እናት_ነኝ · ኅዳር 13

ውርጭ የመታውን ጎመን ቀምሰሽዋል? ብርዱ ስኳር ያወጣበታል። እኛ ቤት ጎመን በሥጋ የሚሠራው ከውርጭ በኋላ ነው።

የደብሬዋ · ኅዳር 13

@እናት_ነኝ ዛሬ ሠራሁት። ባለቤቴ "ምን ጨመርሽበት?" አለኝ።

ቁም_ነገር · ጥር 9

አትሳቁብኝ፣ እኔም ሁለት መደብ ሠርቻለሁ። ጥያቄ አለኝ። ጎመኑ ጀርባው ላይ ግራጫ ክሽክሽ ተሰብስቦበታል። ቀይ ሥሩ ደግሞ ከላይ ደህና ይመስላል፣ ስስበው ከታች የለም። ተበልቶ ቅጠሉ ብቻ ነው የቀረው።

ጋሼ_መደብ · ጥር 9

ታችኛው ፍልፈል ነው። ለዘንድሮ ምንም ማድረግ አትችልም። መደቡን ስታድስ አፈሩን አውጥተህ ከሥር የዶሮ ቤት ሽቦ አንጥፍ። ለክሽክሹ የባሰበትን ቅጠል ቁረጠውና አርቀህ ጣል፣ የቀረውን በውሃ በኃይል እጠበው። ትንሽ ሳሙና በውሃ በጥብጠህ ጀርባ ጀርባውን ብታርከፈክፈው ይቀንሳል፣ ከመብላትህ በፊት እጠብ እንጂ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ድምብላል ዘርተህ እንዲያብብ መተው ነው። አበባው የሚጠራቸው ትንንሽ ነፍሳት አሉ፣ ጫጩቶቻቸው ክሽክሽ በል ናቸው። አበባው ነጭ ስለሆነ ላንተም ለዓይን ጥሩ ነው።

የደብሬዋ · ሚያዝያ 27

ጠፋሁ አይደል። በጥር መጨረሻ ጎመኑን አድሼ፣ የካቲት ላይ ሰላጣ የነበረበትን መደብ መሐሉን ሙሉ ተልባ ዘራሁበት። ዝናቡ ዘግይቶ ስለነበር የመጀመሪያውን ወር በበርሜሉ ውሃ ነው ያቆየሁት። ድንቹ አንድ ሰፌድ ሞላ፣ ልጆቹ ቆጠሩት፣ 43 ፍሬ። ትንንሽ ነው፣ ግን ከገበያ የመጣውን አንበላም ብለው ሦስት ቀን አስቸገሩኝ።

ኮኩ ገና አንድ ክንድ ነው። የጥብስ ቅጠሉ ግን ጉልበቴ ደርሷል፣ ጎረቤት ሁሉ ከሱ ነው የሚቆርጠው፣ ሳይጠይቁም የሚቆርጡ አሉ፣ ያው ነው። አማቴ ለማኅበር የመጡትን ሴቶች ከቤት አስወጥተው መደብ መደቡን ሲያስጎበኟቸው አየሁ። "ይሄ ጥለቱ ነው" ይላሉ። ከየት እንደመጣ አልተናገሩም።

ተልባው ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አብቧል። @ጥለት፣ ስለ ሰማያዊው አልዋሸሽም። ብዙ ሰው ፎቶ ሲጠይቀኝ ስለነበር ይኸው ዛሬ ከምሳ በኋላ አንስቼ ለጠፍኩ።

ብርዱ_ለመደኝ · ሚያዝያ 27

በመጨረሻ! ግን የታለ አበባው? እኔ አረንጓዴ ክርና ድንጋይ ነው የሚታየኝ። ድንጋዩ ቆንጆ ነው፣ ባለቤትሽን አመስግኚልን።

ጥለት · ሚያዝያ 27

ከምሳ በኋላ ነው ያነሳችው 😂 የተልባ አበባ እኮ ጠዋት ተከፍቶ 7 ሰዓት ሳይሞላ ይረግፋል። የሚቀጥለው ቀን ሌላው ይከፈታል። መሬቱ ላይ እዪ፣ ሰማያዊው ሁሉ እዚያ ነው።

የደብሬዋ · ሚያዝያ 27

ለዚህ ነዋ! አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወደ ቤት ሳይገቡ መደቡ ጋ ድንጋዩ ላይ የሚቀመጡት። እኔ ደክሟቸው መስሎኝ ውሃ ይዤ እሮጣለሁ።

እሺ፣ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አነሳለሁ። እሳቸውንም አስቀምጬ።